ሞላና ሲባጎ

አያቴ ሳሎን ውስጥ በ1964 ዓ.ም. ለሠርጓ የተገዛ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ አለ። መካከሉ ከረገበ ቆይቷል፤ የተቀመጠበት ሰው ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ይደርሳል። ቤተ ዘመዱ ይህን ስለሚያውቅ ዳር ዳሩን ይይዝና መካከሉን ለእንግዳ ያከብራል። ባለፈው ክረምት አንድ ሶፋ ሠሪ ተጠርቶ መጣ። ከላይ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገና፣ «እማማ፣ የውስጡ ብረት አርጅቷል፤ ሁሉንም አውጥተን እንጣለውና ስፖንጅ ይግባበት» አላት። «እሱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በገንዘቡ የገዛው ነው፤ አይጣልም!» ብላ ሸኘችው። ሰውየው ሲሄድ እኔ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዤ ሶፋውን ገለበጥኩት። «ልጄ፣ ከፈታኸው መልሰህ ሳትገጥም ወደ ትምህርትህ አትሄዳትም!» የሚል ማስጠንቀቂያም ተሰጠኝ።

ከሥር የተመታውን ስስ ጨርቅ ስገነጥለው ያየሁት ነገር እንግዳ አልሆነብኝም፤ የጠፍር አልጋ ነው! ጠፍሩ የበሬ ቆዳ ሳይሆን ከጁት የተሠራ ሰፋ ያለ ጥብጣብ ነው እንጂ፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ እየተሹለከለከ መጠላለፉ፣ ተወጥሮ እንጨቱ ላይ መመታቱ፣ ሲረግብም መልሶ መወጠሩ አያቶቻችን ይተኙበት ከነበረው አልጋ አይለይም። ልዩነቱ ያለው ከጠፍሩ በላይ ነው። እዚያ 24 ሞላዎች በሦስት ረድፍ ቆመዋል፤ ወገባቸው ቀጭን፣ ላይና ታቻቸው ሰፊ፣ ሁሉም በሲባጎ እርስ በርስ የታሰሩ። አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። የተሰበረው አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹን በመዳፌ ስጫናቸው ዘለው ይመለሳሉ። ያለቀው ሲባጎው ነው። መካከል ላይ ያሉት ስድስት ሞላዎች ማሰሪያቸው ተበጥሶ እንደ ሰከረ ሰው ተደጋግፈው ቆመዋል። እንግዲህ «ብረቱ አርጅቷል» የተባለው ስም ማጥፋት ነበር ማለት ነው።

ታሪክ ሲጻፍም እንዲሁ ነው፤ የሚወራው ስለ ብረቱ ነው፣ ሲባጎው ይረሳል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ሞላ የሚለጠጠው በጎተተው ኃይል ልክ ነው የሚለውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1676 ፊደላቱን አዘበራርቆ እንደ እንቆቅልሽ አሳተመው፤ ፍቺውን የገለጠው በ1678 ነው። ሆላንዳዊው ሁይገንስ ደግሞ በ1675 ሞላን የኪስ ሰዓት መቆጣጠሪያ አደረገው፤ ሁክ «እኔ ቀድሜያለሁ» ብሎ ተጣልቶታል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የመኳንንቱ ሠረገላ ዛሬ ባሌስትራ በምንለው ዓይነት ብረት ላይ ተቀመጠ። ሰዓቱና ሠረገላው ሁሉ በሞላ ሲሠሩ የሰው ልጅ ግን ቤቱ ውስጥ የሚቀመጠው በፈረስ ጭራ ፀጉርና በሱፍ በታጨቀ ወንበር ላይ ነበር።

ለወንበር ሞላ የባለቤትነት መብት ካወጡት ቀደምቶች አንዱ የቪየናው ጊዮርግ ዩኒግል ነው፤ ዘመኑም 1822። ለንደን ውስጥ ደግሞ የሠፈር ዕቃ፣ ማለትም ለወታደርና ለመንገደኛ የሚሆን አልጋና ወንበር የሚሠራ ሳሙኤል ፕራት የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው በ1826 መብት ያወጣው ለሳሎን ብሎ አይደለም፤ መርከብ ላይ ባሕር የሚያዞረውን ሰው የሚያሳርፍ መቀመጫ ፈልጎ ነው! በ1828 ግን ሐሳቡን ለተራው መቀመጫ አዋለው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1833፣ ሉደን የተባለው ጸሐፊ ስለ ቤት ዕቃ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ሞላ ከበርሚንግሃም በክብደት እየተመዘነ እንደሚሸጥ፣ ወንበር አልባሾችም ሁሉ እንደሚሠሩበት ይነግረናል። በዚያው ላይ ይወርፋቸዋል፤ ሊቃውንቱ የሞላን ነገር ያወቁት ከጥንት ነው፣ አልባሾቹ ግን ሳያውቁ ቀርተው እንደ አዲስ ፈጠራ መብት ወጣበት ይላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ይህን የምለው ሶፋ ገልብጬ ስላየሁ ነው። ሞላ ብቻውን ቢቆም አይቀመጡበትም፤ ሲጫኑት ወደ ጎን ይተኛል፣ ጨርቁን ቀድዶ ይወጣል። ሊቃውንቱ 150 ዓመት ያህል ሕጉን ሲያውቁ ብዙ ሰው ያልተቀመጠበት ለምንድን ነው? ያን ዘላይ ብረት ገርቶ የሚያቆመው ሕግ ስላልሆነ ነው፤ ቋጠሮ ነው። ሲባጎው ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም በሁለቱም ማዕዘን አግድም ያልፋል። በእያንዳንዱ ሞላ ራስ ላይ አራት ሲባጎ ይተላለፋል፣ እያንዳንዱም ሁለት ቦታ ይቋጠራል፤ ስምንት ቋጠሮ መሆኑ ነው። በ24 ሞላ 192። ሞላው ሲታሰር ትንሽ ወረድ ተደርጎ ይጫናል፤ ካልተጫነ መቀመጫው ያብጣል፣ ከመጠን በላይ ከተጫነ ደግሞ እንደ መደብ ይደርቃል። ስንት ይጫን? ይህን የሚያውቀው የሠሪው ክንድ ነው። ቋጠሮውም የማይንሸራተት ዓይነት ነው፤ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው አይፈታም። የአያቴ ሶፋ ዳርና ዳሩ እስካሁን የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ማን አሰበው? በመብት መዝገቡ ላይ የብረቱ ባለቤቶች ስም ተጽፏል፤ የቋጣሪው የለም።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። ቤሰመር እ.ኤ.አ. በ1856 አረብ ብረትን ርካሽ የሚያደርግ ዘዴ አወጣ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት እንደ እባብ የተጠማዘዘው ጠፍጣፋ ሞላ ከመኪና ወንበር ወደ ሶፋ መጣ፤ እሱ በሚስማርና በቆርቆሮ መያዣ ስለሚመታ 192 ቋጠሮ አይጠይቅም። በ1937 ጀርመናዊው ኦቶ ባየር ፖሊዩሬቴንን ፈጠረ፤ ስፖንጁም የዚያ ልጅ ነው። ሶፋ ሠሪያችን «እንጣለው» ቢል አልፈርድበትም፤ ስፖንጅ በቢላ ተቆርጦ በማስቲሽ ይለጠፋል፣ ከሰዓት በኋላ ሂሳብ ይቀበላል።

አሁን ወደ ቃላቱ ልመለስ። ይህ ሞላ የ«ጎደለ» ተቃራኒ አይደለም፤ የጣሊያንኛው ሞላ ነው። ሲባጎም፣ ፒንሳም፣ ካቻቢቴም እንዲሁ ከጣሊያንኛ ናቸው። ሶፋ ሥሩ ዓረብኛ ነው። አንዱን የቤት ዕቃ ለመጠገን ሦስት ቋንቋ ያስፈልጋል ማለት ነው! የራሳችን ሆኖ ያገኘሁት ጠፍር ነው።

ጥገናው ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጠፍሩን በመካከሉ በኩል ነቅዬ እጄን አስገባሁ። የተሰበረውን ሞላ በቁመትም በውፍረትም የሚመስለውን ከአሮጌ ዕቃ ተራ ገዝቼ ተካሁ። (ለምትሞክሩት፦ የታፈነ ሞላ ሲፈታ ወደ ዓይን ነው የሚዘለው፤ መነጽር አድርጉ።) ስድስቱን አቅንቼ አዲስ ሲባጎ አሰርኩ፣ ጠፍሩንም አያቴ እግሯን እንጨቱ ላይ ተክላ እየጎተተችልኝ፣ «ጠፍር እንዲህ ነው የሚወጠር!» እያለች መታሁት። የእኔ ቋጠሮ ከዱሮው ጋር ሲተያይ ያሳፍራል፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። መካከሉ አሁን እንዲያውም ከዳሩ በሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል፣ ሞላውን አላወረድኩትማ። የዳርና ዳሩን አሥራ ስምንት አልፈታኋቸውም። በዚያ በማይታወቅ ሰው እጅ እንደታሰሩ አሉ።