የመሪን ባለቤት ታሪክ በምን ሚዛን እንጻፍ?

የመሪ ባለቤት ታሪክ ሲጻፍ ነገሩ የተቃና እንደሆነ ምስጋናው ለባል ይሆናል፤ የተበላሸ እንደሆነ ግን «ሚስቲቱ አሳስታው ነው» ይባላል። ይህን ለመታዘብ ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ታሪክ ይልቅ የሚቀርበን የለም።

እቴጌይቱ የባለቤታቸው ጥላ ብቻ አልነበሩም። አፄ ምኒልክ በነገሡ በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 27 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ እርሳቸውም ዘውድ ጭነዋል። በ1883 ዓ.ም. አንቶኔሊ በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ ለመደራደር አዲስ አበባ በመጣ ጊዜም ከድርድሩ ላይ ተቀምጠው ተከራክረዋል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚቀርበን የመቀሌው ከበባ ነው። በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በማዦር ጋሊያኖ አዛዥነት በእንዳ ኢየሱስ ጽኑ ምሽግ ሠርቶ ነበር። ምሽጉ አንድ ብርቱ ጉድለት ነበረበት፤ ይኸውም የመጠጥ ውሃው ከቅጥሩ ውጭ ካለ ምንጭ መቀዳቱ ነው። በቅጥሩ ላይ የተደረገው ጥቃት ብዙ ሰው አስፈጀ። ምንጩ ከተያዘ በኋላ ግን ምሽጉ በጥር ወር ተለቀቀ። ምክሩ የእቴጌይቱ እንደነበረ ሲተረክ ኖሯል። ሆኖም ሐሳብ ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ወርዶ ምንጩን መያዝና በተኩስ ሥር መጠበቅ ሌላ ሥራ ነው። ንድፍ አውጪውና ግንበኛው በአንድ ስም አይፈርሙምና፣ የወታደሩን ድካም ለእቴጌይቱ መስጠትም ያው ሚዛን ማጉደል ነው።

ከአድዋ ወዲህ ያለው ዘመን ግን ይበልጥ ተዛብቶ ተጽፏል። እቴጌይቱ የወንድማቸውን ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን ከወይዘሮ ዘውዲቱ ጋር ማጋባታቸው ሴራ ይባላል። አፄ ምኒልክ ይህችኑ ልጃቸውን አስቀድመው ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋን ደግሞ ለራስ ሚካኤል መዳራቸው ግን የመንግሥት ብልሃት ተብሎ ይመሰገናል። ሥራው አንድ ሲሆን ስሙ ስለ ምን ሁለት ሆነ?

በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አግልለው ሕመምተኛውን ንጉሠ ነገሥት ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ስጋታቸው ፈጽሞ መሠረት አልነበረውም አይባልም፤ የእቴጌይቱ ዘመዶች መጠናከር ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ ያሰጋ ነበር። ዳሩ ግን ፈራጆቹም ዘመድ መሾምን የማያውቁ አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1902 ዓ.ም. መግቢያ አንደበታቸው በሕመም ከተያዘ በኋላ የወጣ ትእዛዝና ከዚያ በፊት በራሳቸው ቃል የተሰጠ ሹመት አንድ አይደሉም። ጸሐፊው ሁሉንም በእቴጌይቱ ስም ከማስፈሩ በፊት ቀኑን ማመሳከር ይኖርበታል።