ስለ ቅበላ ሰንበት



ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያለችውን የመጨረሻይቱን እሑድ አባቶቻችን ቅበላ ብለው ጠሯት። ስሟን የማያውቅ የለም፤ ትርጓሜውን ግን ከሥጋውና ከጠላው ብዛት የተነሣ የሚያስታውሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ ታሪኳ ልንነግራችሁ ወደድን።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ የሚባል ስፍራ አለ። ሜዳው ቀድሞ የባላገር እርሻ ነበረ፤ ዛሬ ብዙው በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተይዟል። ጾሙ በባሕረ ሐሳብ ሲቆጠር ከየካቲት 1 ቀን አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። ይህም ወራት እህሉ ተወቅቶ ጎተራ የገባበት፣ በሬውም ከቀንበር ያረፈበት ነው። በጾም ጋብቻ ስለማይፈጸም ሠርጉም ሁሉ ከዚያ በፊት ይጣደፋል። እንግዲህ ባላገሩ በቅበላ መደሰቱ ከሆዳምነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የዓመት ድካሙን ፍሬ የሚያይበት ጊዜ ነበርና።

ዛሬም በእነዚያ ሕንፃዎች መካከል ለእርድ በተሠራው የጋራ ቤት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ያርዳሉ፤ ቅርጫው በመደብ ይደለደላል፣ ዕጣም ይጣላል። ሲመሽ እናቶች የጥሉላቱን ዕቃ አጥበው ለፋሲካ ያኖሩታል።

ከጾም አስቀድሞ መደሰት የእኛ ብቻ አይደለም። በምዕራብ ያሉት ካርኒቫል ይሉታል፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥጋን ማስወገድ ማለት ነው። በቬኒስ ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው፣ በሪዮ ደ ጃኔሮ በአደባባይ እየጨፈሩ ያከብሩታል። ግሪኮች ደግሞ እኛ ቅበላ በምንልባት በዚያችው እሑድ ሥጋን ይተዋሉ፤ ወተትና ዐይብ ግን አንድ ሳምንት ጨምረው ይበላሉ። እነርሱ ዐይብ በሚበሉበት በዚያ ሳምንት እኛ መጾም ጀምረናል።

ይህ የመጀመሪያው ሳምንት ጾመ ሕርቃል ይባላል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ614 ዓ.ም. ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ወርረው የጌታን መስቀል ማረኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሕርቃልም ከብዙ ጦርነት በኋላ በ630 ዓ.ም. ገደማ መለሰው። ሊቃውንቶቻችን እንዳስተላለፉልን፣ ንጉሡ ነፍስ የገደለ ዕድሜውን ሁሉ ይጹም የሚለውን ሥርዓት ፈርቶ ለመዝመት ባመነታ ጊዜ፣ ምእመናኑ ጾምህን እኛ ተካፍለን እንጾምልሃለን አሉት። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ጾም በቅርጫ ተከፈለ ብንል የምናጠፋ አይመስለንም።

ይሁን እንጂ ስምንቱ ሳምንት ከሕርቃል ይቀድማል። ኤጌርያ የምትባል ተሳላሚ ሴት በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኢየሩሳሌም ደርሳ፣ በዚያ ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠሩ ስምንት ሳምንት ይጾም እንደ ነበር ጽፋለች። ይህ የአባቶችን ትውፊት አያፈርስም፤ ምእመናኑ የተካፈሉትን ዕዳ ቀድሞ በነበረ ማዕድ ላይ እንደ ጨመሩት ያሳያል እንጂ።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ምዕራባውያን ቀኑን በሚሄደው ነገር፣ በሥጋው ጠሩት። የእኛ አባቶች ግን በሚመጣው ጠሩት፤ ቅበላ መቀበል ነውና። በዚያች እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምታዜመው ዘወረደ ይባላል፤ ከላይ የወረደው ማለት ነው። በጾሙ ወራት ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ሊቃውንቱ መቋሚያ ብቻ ይዘው ጾመ ድጓውን ያዜማሉ። በመቅደሱ ወረደ ሲባል በቤት ቅበላ መባሉ፣ ለእኛ እንደሚመስለን፣ የአንድ ነገር ሁለት ወገን ነው። እንግዳ ሊቀበል የወጣ ሰው ሰክሮ በመንገድ ቢወድቅ እንግዳው በማን ቤት ያድራል?

ይህን የምንናገረው ራሳችንን ንጹሕ አድርገን አይደለም። በአንድ ዓመት የቅበላ ዕለት በቂሊንጦ ከአንድ ቤት ተጠርተን ሄድን። ማዕዱ ሞልቶ ነበር፤ ባረክን፣ በላን፣ ጠጣን፣ ተጫወትን። ስንወርድ ከደረጃው ሥር ባለው ቤት ደጃፍ ሁለት ሕፃናት ተቀምጠው ወደ ላይ ያያሉ። እናታቸው ባሏ የሞተባት የቀን ሠራተኛ ናት፤ ለቅርጫው የምታዋጣው ስላልነበራት ዕጣው በእርሷ ላይ አልተጣለም። እኛም ሕፃናቱን በመስቀል ባርከን አለፍን። በማግስቱ በቅዳሴ ያችኑ ሴት ከልጆቿ ጋራ ቆማ አየናት፤ ጾሙን ከእኛ ጋራ እኩል ተቀብላለች፤ ከበሬው ግን አልደረሳትም። ያን ቀን እጃችንን አንሥተን ለመባረክ ከበደን።

በሚቀጥለው ዓመት በሬው ሳይታረድ ሄደን ያየነውን ለጎረቤቶቹ ነገርናቸው፤ የእኛንም ጥፋት አልሸሸግንም። ጥቂቶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «አባታችን፣ ታዲያ አንዱ መደብ ዕጣ ሳይጣልበት ይውጣ» አሉ። ወጣም። ያን መደብ ዛሬ በሰፈሩ የእንግዳ መደብ ይሉታል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣውም እርሱ ነው።