የቤተልሔም ድጓ፤ በብራናና በቃል የቆየ ትምህርት

ስለ ጥንታውያን ቅዱሳት መጻሕፍት ሲነገር አስቀድሞ የሚወሳው ብራናው ነው። በጋይንት ቤተልሔም ግን ብራናው ብቻውን የሚበቃ ሆኖ አያውቅም።

ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ድጓ፣ ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን የተውጣጣውን ቃል ለየበዓሉ አስማምቶ የያዘ የዜማ መጽሐፍ ነው። ማስመስከሪያውም ቤተልሔም ናት፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባም የሚገኘው በዚያው በጋይንት ነው። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ከቃሉም በላይ በደቃቅ ፊደላት የዜማውን ምልክት ያኖራል። ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል። ይሁን እንጂ ምልክቱ ዜማውን ለተማረ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ላልተማረው አይናገርም። ስለዚህ ተማሪው የጻፈው ሁሉ በመምህሩ ቃል ይታረማል።

እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክንሃም በክቡ የሣር ጣሪያ ሥር ያለውን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን «አገኘ» ተባለ፤ ለደብሩ ሊቃውንት ግን ጠፍቶባቸው አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ በኢትዮጵያ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል። ፊልም ፊደሉንና ምልክቱን ያነሣል፤ ዜማውን ለመስማት ግን መምህሩ ዘንድ ዓመታት መቀመጥ ያስፈልጋል። የእነዚያን ዓመታት ስንቅ ለዘመናት የቻለው ተማሪው ከየገበሬው ደጅ ለምኖ የሚያገኘው ቁራሽ ነው።