ቃጠሎን በአጋማሽ የማቆም ጥበብ

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ፣ በየደጁ ተደርድሮ የሚደርቀውን ኩበት ሳያይ አያልፍም። እንጨት በተመናመነበት በላስታ ደጋ፣ ማሳውን ሊያዳብር የሚገባው እበት ምድጃ ውስጥ ገብቶ አመድ ይሆናል። ያው እበት አየር በማይገባበት ጉድጓድ ቢብላላ ግን ሚቴን የተባለውን ጋዝ ይሰጣል፤ ዝቃጩም ለመሬቱ ይተርፋል። ይኸው ሚቴን በኦጋዴን ካሉብ የሚገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል ነው።

ሚቴንን ማንደድ ቀላል ነው። አስቸጋሪው፣ ቃጠሎውን በአጋማሽ አቁሞ ጋዙን በበርሜል ወደሚጓጓዝ ሜታኖል መለወጥ ነው። ከሚቴን አንድ ሃይድሮጂን ለመንቀል በሞል 439 ኪሎጁል ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ከሜታኖል ለመንቀል ግን ያነሰ ይበቃል። እንግዲህ ሚቴንን የሚደፍር እሳት፣ የተገኘውን ሜታኖል አስቀድሞ ይበላዋል።

እ.ኤ.አ. በ1817 እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ፣ የጋለ የፕላቲነም ሽቦ በጋዝና በአየር ድብልቅ ውስጥ ያለ ነበልባል ሲግም አሳየ። ይህም ብረታ ብረት ቃጠሎን እንደሚመራ አስረዳ፤ ማቆሙ ግን ገና ነበር። ኢንዱስትሪው ጠማማውን መንገድ መረጠ፤ ሚቴንን ከእንፋሎት ጋር በኒኬል ላይ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በማሳለፍ አፈራርሶ፣ ሜታኖልን እንደ ገና ይገነባል። በ1972 ሶቪየታዊው አሌክሳንድር ሺሎቭና ባልደረቦቹ፣ በውሃ የሟሙ የፕላቲነም ጨዎች ሚቴንን ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት እንደሚለውጡ ገለጹ። ሆኖም ኦክሲዴሽኑን የሚያካሂደው ራሱ ውድ የሆነው የፕላቲነም ጨው ነበር። በ1998 ሮይ ፔሪያናና ባልደረቦቹ፣ በጋለ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በፕላቲነም ካታሊስት ከ70 በመቶ በላይ ምርት አገኙ። ምስጢሩ፣ ምርቱ ከአሲዱ ጋር ተጣምሮ ከተጨማሪ ኦክሲዴሽን መጠበቁ ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከሰል አክሳይ እንጨቱን በአፈር ሸፍኖ አየሩን የሚመጥነው፣ ቃጠሎው አመድ ላይ ሳይደርስ እንዲገታ ነው። ሚቴን በል የሆኑ የአፈር ባክቴሪያዎችም ብረት ወይም መዳብ በያዙ ኤንዛይሞቻቸው፣ በተራ ሙቀት ሜታኖልን ሲሠሩ ኖረዋል።

እነሆ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከዘለቀው ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የካታሊስት ሙያ ማፋጠን ብቻ ሳይሆን መግታትም መሆኑን ነው። የላስታ ምድጃም የሚጠይቀን ይህንኑ ነው፤ የሚነደው ይንደድ፤ ለአፈሩ የሚገባው ግን አብሮ አይንደድ።