የደረቀው ሐይቅና የብርድ ወራት እንግዶቹ

በየዓመቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ካሜራ ያነገቡ እንግዶች ጎሕ ሳይቀድ በሰሜን እስራኤል ከሚገኘው የሁላ ሸለቆ ይደርሳሉ። አስጎብኚው በትራክተር በሚጎተት፣ ዙሪያው በተጋረደ ሠረገላ አሳፍሮ ወደ ማሳው መካከል ያስገባቸዋል። ክሬን የተባሉት፣ ቁመናቸው ከሽመላ የሚቀራረብ ግራጫ ወፎች በአሥር ሺዎች ሆነው ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያሳልፋሉ፤ ፀሐይ ስትወጣም እየጮኹ በአንድነት ይነሣሉ። ትራክተሩን ግን አይሸሹትም፤ እህል የሚያመጣላቸው እርሱ ነውና። ፎቶ አንሺዎቹ ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደው የኔጌቭን በረሃና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የራሞን ሸለቆ ያነሣሉ። በበረሃው ጫፍ፣ በኤላት፣ የወፎች ጥናት ማእከል የተቋቋመው ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ በነበረ መሬት ላይ ነው።

እነዚህን ፎቶግራፎች የሚመለከት ሰው ቦታው ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ የኖረ ሊመስለው ይችላል። ታሪኩ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

የሁላ ሐይቅ ከ12 እስከ 14 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋ ነበር። በስተሰሜኑ ሰፊ ረግረግ ተንጣሎ፣ የጣና ባላገር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅልበት ነበር። ጋዋርና ይባሉ የነበሩት የአካባቢው ዐረቦች እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ጦርነት ድረስ በዳርቻው እየኖሩ ከደንገል ምንጣፍ ይሠሩ፣ የውሃ ጎሽም ያረቡ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት መንደሮቻቸው ባዶ ቀሩ።

በ1951 እ.ኤ.አ. አዲሱ መንግሥት ሐይቁን ማድረቅ ጀመረ። ዓላማው ሁለት ነበር፤ ይኸውም የእርሻ መሬት ማግኘትና ወባን ማጥፋት። ወባው ግን ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በዲ.ዲ.ቲ. ርጭት በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ሥራው በ1958 እ.ኤ.አ. ሲፈጸም እንደ ታላቅ ድል ተቆጠረ። የተቃወሙት ጥቂት ሳይንቲስቶችና የተፈጥሮ ወዳጆች ነበሩ። እነርሱም በ1953 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር መሠረቱ፤ ረግረጉን በሙሉ ማዳን ባይቻላቸውም ጥቂቱ ክፍል እንዲቀር አደረጉ። ይህም ክፍል በ1964 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የመጀመሪያ ጥብቅ የተፈጥሮ ቦታ ተባለ።

ከድሉ በኋላ የመጣው ግን ያልታሰበ ነበር። ለዘመናት በውሃ ሥር የኖረው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ሰመጠ፤ በነፋስ ተነነ፤ በራሱም ጊዜ እየነደደ ከመሬት በታች ሲጨስ ይታይ ጀመር። ከአፈሩ የታጠበው ናይትሬት የአገሪቱ ዋና የመጠጥ ውሃ ምንጭ ወደ ነበረው ወደ ገሊላ ባሕር ወረደ። ከሁላ በስተቀር ሌላ አገር የማያውቁ የዓሣ ዝርያዎች ጠፉ። የሁላ እንቁራሪት በ1996 እ.ኤ.አ. ከምድር ገጽ እንደ ጠፋች ታወጀ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ግን በዚያው በተረፈው ረግረግ ውስጥ በሕይወት ተገኘች። ጥቂቶቹ ሳይንቲስቶች ያስቀሩት ቁራሽ ረግረግ መጠጊያ ሆኗት ኖሯል።

በ1994 እ.ኤ.አ. ከደረቀው መሬት 1 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው እንደገና በውሃ ተሸፈነ። ክሬኖቹም ወደ አፍሪካ መዝለቁን ትተው በብዛት በዚያ መክረም ጀመሩ። ገበሬው ግን ኦቾሎኒውና ሽምብራው ስለ ተበላበት ተማረረ። መፍትሔው ወፎቹን ማባረር አልሆነም፤ ወጪውን ገበሬዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ተካፍለው በአንድ በተለየ ማሳ በቆሎ ይበትኑላቸው ጀመር። ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አልቀረም። በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ5,000 በላይ ክሬኖች ሞቱ። ብዙ ወፍ በአንድ ስፍራ መታጎሩ ለበሽታው መዛመት እንደሚያመች ባለሙያዎች አሳሰቡ። ሰው አንድ ጊዜ ያፈረሰውን መልሶ ሲሠራ፣ ጠባቂነቱ ማብቂያ እንደሌለው ይህ በቂ ምስክር ነው።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሁላ ሰማይ ከሚያልፉት ክሬኖች ብዙዎቹ ጉዟቸውን ቀጥለው ኢትዮጵያ ይደርሳሉ። የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ ነውና መኸር በተሰበሰበበት ማሳ ቃርሚያ ሲለቅሙ፣ ማታ በጣና ዳርቻ ሲያድሩ ይታያሉ። የጣና አካባቢ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እምቦጭ ግን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳርቻውን ሲወር ቆይቷል። የአብጃታ ሐይቅ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ማምረቻ በሚወሰደው ውሃ ሸሽቷል። ሐሮማያ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈጽሞ ደርቆ፣ ውሃው በከፊል የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሁላን ያደረቀው የመንግሥት ዕቅድና ቁፋሮ ነበር፤ ሐሮማያን ያደረቀው ለከተማ መጠጥና ለጫት ማሳ በየቀኑ የተቀዳው ውሃ ነው። የአንዱ አደራረቅ በአዋጅ፣ የሌላው በዝምታ ሆነ እንጂ ለወፏ ሁለቱም አንድ ናቸው። ከሰሜን ብርድ ሸሽታ የምትመጣው ክሬን ድንበርም ሆነ ዕቅድ አታውቅም፤ የምታውቀው አምና ያደረችበትን ውሃ ነው።