ከተራቢ ወደ ጋባዥ፦ ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ የአኒሜሽን ሲትኮም፣ ከብልባላ ሲታይ

መግቢያ

በወሎዋ ላስታ፣ ብልባላ ያለው ከአለት የተፈለፈለ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በንቦቹ ይታወቃል። ማሩ ፈውስ አለው ተብሎ ስለሚታመን መንገደኛው ይለምናል፣ ባለአገሩ ይሰጣል። ዓለም ወሎን ያወቃት ግን በግልባጩ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው የረሃብ ዘገባና በዚያው ዓመት ሐምሌ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ የእርዳታ ኮንሰርት ኢትዮጵያዊን እጁን እንደዘረጋ በዓለም ዐይን ውስጥ አስቀሩት። ይህ መጣጥፍ ያ ምስል በሁለት የካርቱን ተከታታዮች ውስጥ የደረሰበትን ይመረምራል።

የተራበው ልጅ

«ሳውዝ ፓርክ» እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1997 ባሳየው «ስታርቪን ማርቪን» በተባለው ክፍል ውስጥ አራት ልጆች በእርዳታ ስም የእጅ ሰዓት ያዝዛሉ፤ የሚደርሳቸው ግን አንድ የተራበ ኢትዮጵያዊ ልጅ ነው። የሽሙጡ ዒላማ የአሜሪካውያን ሆዳምነት መሆኑ አይካድም። ይሁንና ሽሙጡ የሚሠራው ተመልካቹ ኢትዮጵያን ገና በኮረም መልኳ ስለሚያውቃት ነው። ከዘገባው በኋላ 13 ዓመት ቢያልፍም ልጁ ከረሃቡ ሌላ መለያ አልተሰጠውም።

ዘግይቶ የመጣው ክፍል

«ዘ ሲምፕሰንስ» የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1989 ነው። ብዙ ተመልካቾች ወርቃማ ዘመኑ የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ናቸው ብለው የኋለኛውን ሥራ ያጣጥላሉ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2011 የታየው የ23ኛው ምዕራፍ 5ኛ ክፍል፣ «ዘ ፉድ ዋይፍ»፣ ይህን ፍርድ እንድንመረምር ያስገድዳል። በማት ሰልማን በተጻፈው በዚህ ክፍል እናትየዋ ማርጅ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሳታስበው ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ካለ የኢትዮጵያውያን ሰፈር ትደርሳለች። በፍርሃት በገቡበት ምግብ ቤት የሚቀርብላቸውን ይወዱታል። በላስታ አነጋገር የእግዜር እንግዶች ናቸው። አሁን የሚያበላው ኢትዮጵያዊው ነው።

ሥጋ የማትበላው ልጇ ሊሳ በዚህ ማዕድ መደሰቷ ልብ ሊባል ይገባል። ምስሩ፣ ሽሮውና ክኩ ሥጋው ሲወጣ የተረፈ ምግብ አይደለም፤ የዓመቱን ገሚስ ያህል ከሥጋና ከወተት የሚርቅ ሕዝብ በዘመናት ያጣፈጠው የጾም ምግብ ነው። የ1977ቱ ካሜራ ረሃብን አየ፤ ጾምን ግን አላየም። ረሃብ የሚወርድ መዓት ነው፣ ጾም ግን ሰው ወዶ የሚገባበት ሥርዓት ነው። ካርቱኑ ይህን ልዩነት አይተነትንም፤ ፍሬውን ግን ያቀርባል።

ይህ ትዕይንት እ.ኤ.አ. በ1989 ይጻፍ ነበር ለማለት ያስቸግራል። በመካከሉ ስደተኞች በሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶችን ከፍተዋል፤ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ2002 ሰፈሩን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ ሰይማዋለች። ተከታታዩ የሚዘጋጀው በዚያችው ከተማ ነው። ስለዚህ መርዘሙ ሁልጊዜ መድከም አይደለም፤ ጎረቤቱ ሲለወጥ ለማየት ዕድሜ አግኝቷል።

ገደቡ

ክፍሉ ግን ከማዕዱ ቶሎ ይነሳል። ማርጅና ልጆቿ ስለ ምግብ መጻፍ ይጀምራሉ፤ ታሪኩም ወደ ውድ ዘመናዊ ምግብ ቤትና ማርጅ በባሏ በሆሜር ላይ ወዳላት ቅናት ይዞራል። ለታዋቂዎቹ ሼፎች ለአንተኒ ቦርደንና ለጎርደን ራምሴ ድምፅ ቦታ ሲገኝ፣ ኢትዮጵያዊው ጋባዥ ለአሜሪካውያኑ ጀብዱ መነሻ ሆኖ ይቀራል። በእኛ አገር እንግዳ በልቶ ሲነሳ ይመርቃል፤ እነዚህ እንግዶች ሳይመርቁ ሄደዋል።

ማጠቃለያ

እንዲህም ሆኖ «ዘ ፉድ ዋይፍ» ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው፤ የምስጋናው ዋና ባለድርሻ ግን ጸሐፊው ሳይሆን ፌርፋክስ ላይ እንጀራ የጋገረችው ሴት ናት። ምስሉን መጀመሪያ የለወጠችው እሷ ነች፤ ካርቱኑ ተከትሏት ደረሰ።