«ማን ቃኘው?»
ስለ «ቅኝት» ቃል አጭር ታሪክ

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ለበዓሉ መዝሙር ስንለማመድ አንድ ጓደኛችን ከወሎ ያመጣውን ክራር ይዞ ገባ። እኛም ድምፁን ከኦርጋኑ ጋር ብናስተያየው አልገጥም ስላለን «የክራርህ ቅኝት ተበላሽቷል» ብለን ሳቅንበት። በዚያ የነበሩት የግቢው ዘበኛ በወጣትነታቸው ክራር ይመቱ ነበርና «ልጆቼ፣ አልተበላሸም፤ ይልቅስ ማን ቃኘው ብላችሁ ጠይቁ» አሉን። ይህን ጥያቄ ይዘን ቃሉን ብንመረምረው ብዙ ታሪክ ተሸሽጎበት አገኘን።

«ቅኝት» የወጣው «ቃኘ» ከሚለው ግሥ ነው። ክራር መቺ ቀንበር በሚባለው የላይኛው እንጨት ላይ የታሰሩትን አውታሮች አንዱን ጠበቅ፣ አንዱን ላላ እያደረገ ለዘፈኑና ለጉሮሮው እንዲስማሙ ያደርጋል፤ መቃኘት ማለት ይህ ነው። በጣም የታወቁት ቅኝቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ባቲና አምባሰል በወሎ የሚገኙ የቦታ ስሞች ናቸው። ኦርጋን ሠሪው የወሰነለትን ድምፅ ይዞ ይኖራል፤ ክራር ግን እንደ ዘፋኙ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሳቅነው ባለማወቃችን ነበር።

ቃሉ ከክራር ውጭም በየዕለቱ ይነገራል። እናት ልጇን «ገበያውን ቃኝተህ ና» ትለዋለች። ከሠራዊት ቀድሞ የመሬቱን አቀማመጥና የጠላትን ሁኔታ የሚያይ ወታደር «ቃኚ» ይባላል። አንድ ጽሑፍም «በአገር ፍቅር የተቃኘ» ነው ይባላል። እንግዲህ ቃሉ አስተውሎ ማየትንም፣ መልክ ማስያዝንም ይዟል።

በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌና በዓድዋ የተዋጉት የሐረር ገዥ ራስ መኰንን የፈረስ ስማቸው «አባ ቃኘው» ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦርም «ቃኘው ሻለቃ» የተባለው በዚሁ ስም ነው። በዚያ ዘመቻ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን ሰጥተዋል።

ዳሩ ግን ከዚሁ ግሥ አንድ መራራ ቃል ወጥቷል፤ ይኸውም «ቅኝ ግዛት» ነው። ባዕድ መንግሥት የሰውን አገር ቃኝቶ፣ ለራሱ ጥቅም እንዲስማማ አድርጎ ሲገዛው ይህ ስም ይሰጠዋል። ኢጣሊያ ይህን አስባ መጥታ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ሆነች። በ1928 ዓ.ም. ተመልሳ አዲስ አበባን ብትይዝም፣ አርበኞቻችን እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ዕረፍት ነሥተዋታል። ሕዝብ ራሱን ሲቃኝ ዜማ ይሆናል፤ ሌላው በግድ ሲቃኘው ግን ባርነት ይሆናል።

በዚያ ቀን ጓደኛችን አውታሮቹን ጥቂት ነካክቶ ክራሩን ከኦርጋኑ ጋር አስማማና አብሮን መዝሙሩን መታ። ልምምዱ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ራሱ ቅኝት መልሶ ያገሩን ዘፈን አሰማን። እኛም ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንሰናበት የያዝነው ትምህርት ይህ ነው። የሌላውን ቅኝት መማር ዕውቀት ነው፤ የራስን ረስቶ መቅረት ግን ጉዳት ነው። ወደፊት አንድ ድምፅ ከለመድነው ጋር አልገጥም ሲለን፣ ከመሳቃችን በፊት «ማን ቃኘው?» ብለን እንጠይቃለን።